አምስቴ ርገጪው

ሰኞ ከሐረር ስመለስ፣ ደንገጎን ስወርድ ጮኸች፤
መጀመሪያ እንደ ፌንጣ፣ ኋላ ብረት በብረት ፋቀች።
ጫት የጫነ አይሱዙ በጡሩንባው ሰደበኝ፤
በሁለተኛ ማርሽ ተንፏቀቅሁ፤ ሸተተኝ
የተቃጠለ ፀጉር፣ እሳት የነካው ሳንቲም።
"ሳቢያን ድረስ ብቻ፣ አቦ፣ ከዚያ ወዲያ አልጠይቅሽም"
ብዬ ለመንኳት። መኪና ይለመናል?
ደንገጎ ላይ ያለ ሰው ያገኘውን ይለምናል።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ጆሮው ከከዳው
ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አፍንጫው ግን አልከዳው።
ደህና ገባሽ ወይ ሳይል፣
"ሸራ ጨርሰሻል" አለኝ፣ ዳቦ የሰረቅሁ ይመስል።

ሙሴ ፍሬን ይሉታል የከዚራ እኩዮቹ፤
መዘውር ያሻከራቸው እነዚያ መዳፎቹ
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በባቡሩ ጭራ፣
ሌላው ለመሄድ ሲከፈለው እሱ ለማቆም ሠራ።

ማክሰኞ መጋላ ወረድን፣ ጉሌድ ሱቅ።
ሦስት ካርቶን ደረደረ፤ አንዱ እንደ ሙሽራ የሚያብረቀርቅ።
"ይሄ ርካሽ ነው፤ ይሄ መካከለኛ፤ ይሄ ደግሞ…" ብሎ
ዋጋውን አቧራው ላይ ጻፈው፣ ከንፈሩን ጠቅልሎ።
አባቴ አወጣቸው ከየካርቶናቸው፣
በጥፍሩ ፋቀ፣ አሸተተ፣ እንደ ሐብሐብ አንኳኳቸው።
የመጀመሪያው በጥፍር ዱቄት ሆነ፤ ሳቅ አለ።
ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ከብረቱ የተነጠለ፣
ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ። ለጉሌድ አሳየው፤
ጉሌድ ወላሂ አለ፣ እሱም ገና ማየቱ ነው።
ሦስተኛውን ኪሱ ከተተና ወጣ፤ ዋጋ አልጠየቀም።
"ለሚያቆምሽ ነገር" አለ መንገድ ላይ፣ "አትከራከሪም።"
(እኔ ግን ተመልሼ ሁለት መቶ ብር አስቀነስኩ፤
የድሬ ልጅ ነኝ፤ ለእሱም አልነገርኩ።)

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ብረቱን ሳታግል፣
ድንጋይ ለኋላ ጎማ፣ ክሪኩ ከሆዷ ሥር ቀጥ ሲል፣
ገና መሬት ሳለች ያላላሁትን ብሎን ፈታሁ።
ካሊፐሩን በአሥራ አራት ቁልፍ አወጣሁ፤
ቱቦው እንዳይሰቃይ በሽቦ አንጠለጠልኩት።
አሮጌው ሸራ ወጣ፤ መዳፌ ላይ አስተኛሁት፤
ከአሥር ሳንቲም የሳሳ። ይሄ ነበር እንግዲህ
በእኔና በገደሉ መሀል። ይቺው፣ ይህቺ ቅንጣቢ።

ፒስተኑን በሞርሳ ገፋሁ፣ ቀስ በቀስ፣
እንደ ተቆጣ ልጅ እያጉረመረመ ወደ ክፍሉ ሲመለስ።
ነጂሃ የጎረቤት ልጅ፣ አጥሩ ላይ ተሰቅላ፣
"ሴት ፍሬን ትሠራለች እንዴ?" "ነይ ብሎን ያዥ፣ ትማሪያለሽ ኋላ።"
ግራው አለቀ። ቀኙ አለቀ። ላቤ ዓይኔን አቃጠለው።
ከኒሙ ሥር ያለው ጥላ ከእግሬ ላይ ተንሸራተተ፤ ሦስት ሰዓት ነው።

ክሪኩን አወረድኩ፤ ድንጋዩን አነሳሁ፤
ኮራሁ፤ ገባሁ፤ ሞተር አስነሳሁ፤
የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ። ግቢያችን ወደ በሩ ያዘቀዝቃል።
አባቴ በሩ ጋ፣ ዱካ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን በናፍጣ ያጥባል።
ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ ወለሉን ነካ።
ምንም። ጉም መርገጥ። ለካ
ፒስተኑን ያራቅሁት እኔ ነኝ፤ ባዶውን የተውኩት እኔው።
ጮኽኩ። ለማን ነው የምጮኸው?
ነጂሃም ጮኸች፤ ከኒሙ ወፎች ተነሱ፤
አልሰማም እሱ።

በሙሉ ክንዴ ሳብኩት የእጅ ፍሬኑን።
ቆመች። ከዱካው አንድ ክንድ ቀርቷት።
ጥላዋ ግን ቀድሟት ትከሻው ላይ አርፏል።
ጥላውን አይቶ ነው የዞረው፤ ሳይቸኩል።
ግንባሯን በመዳፉ ዳበሰ፣ እንደ በቅሎ፤
ቀኝ እግሬን አየ፤ ፊቴን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ
አምስት ጣት ዘረጋ፣ ዘይት የሚንጠባጠብበት።
"አምስቴ ርገጪው። ሳትነቃነቂ ነበር እንጂ" አለ፤ ሌላ አልጨመረበት።

ረገጥኩ። አንዴ ባዶ። ሁለቴ ባዶ። ሦስተኛው እንደ ጭቃ።
አራተኛው ላይ አንድ ነገር ከታች እንደ መንቃት ሲል፣
አምስተኛው ላይ እግሬ መሬት አገኘ።
እሱ ወደ ብሎኖቹ ዞሯል።

ሐሙስ ደንገጎን ወጣሁ፤ ማታ ወረድኩ፣ ያለ ጩኸት።
አሮጌው ሸራ ነጂሃ ዘንድ ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወትበታለች።
ከድንጋይ ይሻላል ትላለች፦
የጣሉት ቦታ ይቀመጣል፣ አይንከባለልም።